የአንኮበር ቤተ መንግሥት ይታደስ! የትኛው?

አንኮበር ሄዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ይሄን ሁሉ ታሪክ ያየ ቦታ እንዲህ ፈርሶ ይቀራል እንዴ? ለምን እንደ ድሮው አይሠሩትም?» ሰዎቹ እውነታቸውን ነው፤ ያሳዝናል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ፣ ጎረቤላን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሳችሁ ኮረብታውን ትወጣላችሁ። አናቱ ላይ ከድሮው ግቢ ተርፎ የሚጠብቃችሁ አንድ ረዘም ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ድንገት ይከዳችኋል። ገደሉ ቁልቁል ወርዶ ዓይናችሁን ወደ አፋር ቆላ ይዞት ይሄዳል። የሸዋ ነገሥታት ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ለመረዳት የታሪክ መምህር አያስፈልግም፤ ነጋዴም ይሁን ጠላት፣ ከቆላ የሚመጣው ሁሉ ከሩቅ ይታያል።

«ይታደስ» ማለት ቀላል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ምኑ ይታደስ? ምን አይተን? ግድግዳው ብቻውን አዳራሹ ምን ይመስል እንደነበር አይነግረንም። ስለዚህ ሁላችንም ሳናውቀው ወደ ሥዕል እንሄዳለን። አንኮበር ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ሾጣጣ ኮረብታ፣ ዙሪያዋን የተደረደሩት የሳር ጎጆዎች፣ አናቷ ላይ የተቀመጠው ግቢ… ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከአንድ ጀርመናዊ ሠዓሊ እጅ የወጣ ነው።

ሰውየው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ይባላል። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1802 በጀርመን ሽፓየር ከተማ የተወለደ፣ ሸዋን ከማየቱ በፊት በ1836 እና 37 ቅድስት አገርን ዞሮ የሣለ ሰው ነው። በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ሲገባ፣ በርናትስ የቡድኑ ሠዓሊ ሆኖ አብሮ መጣ። ቡድኑ የመጣው ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመፈራረም ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተፈራረሙ። ሐኪም አላቸው፣ ዕፅዋትና አራዊት የሚያጠና ሰው አላቸው፣ ሠዓሊ አላቸው። ዳጌር የፎቶ ጥበቡን ለዓለም ካሳወቀ ገና ሁለት ዓመቱ ስለነበር በርናትስ ማለት ያኔ የቡድኑ ካሜራ ማለት ነው።

ቡድኑ በ1843 ወጣ። ሃሪስ በ1844 ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉን አሳተመ። የበርናትስ የሥዕል መጽሐፍ ግን የወጣው በ1852 ነው፤ አንዱ ክፍል የደናክልን ቆላ፣ ሌላው የሸዋን ደጋ ያሳያል። ዘጠኝ ዓመት! በዚህ መሃል ምን ሆነ መሰላችሁ? ኮረብታው ሥር ተቀምጦ በእርሳስና በውሃ ቀለም የነካካው ንድፍ አውሮፓ ሄደ፣ እዚያ እንደገና ተሣለ፣ ከዚያ በሊቶግራፍ ድንጋይ ላይ ተገለበጠ፣ ታተመ፣ ቀለም ተቀባ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ሰው «ይቺ ዛፍ ወደዚህ ብትጠጋ» ሊል ይችላል። የዘመኑ ጥሩ የመልክዓ ምድር ሥዕል ደግሞ የራሱ ወግ ነበረው። ፊት ለፊት ጠቆር ያለ ነገር ይቀመጣል፣ መሃል ላይ ብርሃን ይወርዳል፣ ከኋላ ተራራው ይሰማያል። ገዢው እሳት ዳር ተቀምጦ የሚያገላብጥ ለንደን ያለ ሀብታም እንጂ የአንኮበርን ግቢ መልሶ የሚሠራ መሐንዲስ አልነበረም።

በርናትስ ዋሾ ነበር እያልኩ አይደለም። ሃሪስ በጽሑፍ ካስቀመጠው ጋር ስታስተያዩት በዋናው ነገር ይገናኛሉ። ኮረብታውን የሞሉ የሳር ጎጆዎች፣ ዙሪያውን የሚወጣ የእንጨት አጥር፣ አናቱ ላይ የንጉሡ ቤቶች። ሥዕሉ ምስክር ነው፣ ደግሞም ደህና ምስክር። ምስክርነቱ ግን ከውጭና ከሩቅ የቆመ ሰው ምስክርነት ነው። የአዳራሹ ምሰሶ ስንት እንደነበር፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ግምጃ ቤቱ ከእልፍኙ ስንት ክንድ እንደሚርቁ አይነግራችሁም። ልኬት የለውም። የግቢው ሕይወት ግማሹ ያለው እዚያ ጓዳ ውስጥ ነበር። ወፍጮ ሲፈጩ የሚያድሩት፣ ጌሾ የሚወቅጡት፣ እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ከሩቅ በሚሣል ኮረብታ ላይ ቢበዛ ጭስ ሆነው ነው የሚታዩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የበርናትስን ሥዕል «የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ አንኮበር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ያያችሁት ትኖራላችሁ። ምኒልክ የተወለዱት በ1844 ነው፤ አንጎለላ። ሠዓሊው ከሸዋ የወጣው በ1843። ሥዕሉ ላይ ያለው የአያታቸው ግቢ ነው። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ የገቡት በ1865፣ ማለትም በርናትስ ከሄደ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመሃል ሣህለ ሥላሴ በ1847 ዐረፉ፣ ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ፣ በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። ይህ ሁሉ ያለፈበት ግቢ እንዳለ ቆሞ ጠበቀ ብላችሁ ታስባላችሁ? የእንጨትና የሳር ግቢ?

ስለዚህ «አንኮበር ይታደስ» የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ግቢዎች መሃል መምረጥ አለበት። አንዱ ሃሪስና ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር የተቀበሉት የሣህለ ሥላሴ ግቢ ነው። ሌላው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1879 የመጣበት፣ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ከአጠገቡ ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ የከፈቱበት፣ መሪያቸው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው የሞተበት የምኒልክ ዘመን ግቢ ነው። እንዲያውም ሦስተኛም አለ። ገጣሚነቱን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦ በየካቲት 1887 ግመሎቹን እየነዳ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ አልነበሩም፤ እሱም ሒሳቡን ፍለጋ ወደ እንጦጦ ቀጠለ። አንኮበር ዋና ከተማነቷን እያጣች ነበር። ከዚያ በኋላ ተራራዋ የእስረኛ ማቆያ ሆነ። የአፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ እዚያው ታስረው በ1906 ሞቱ። ለመሆኑ እስር ቤቱስ ይታደስ ይሆን? ለሎጅ ብሮሹር አይመችም መቼም።

*

በዚህ ዓይነት ነገር ከእኛ በፊት ብዙ የተጨቃጨቁት ሮሞች ናቸው። እነሱ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው የጀመረው። የአንኮበር ሠዓሊ ቤቱን ከነነፍሱ ሣለው፣ ለእኛ ፍርስራሹ ቀረ። የሮም ሠዓሊዎች ግን መጀመሪያም የሣሉት ፍርስራሹን ነው። የጥንት ቤተ መቅደሶቻቸው የቆሙበት ፎረም ለዘመናት አፈር ሞልቶት ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ስሙም «የላም ሜዳ» ነበር። ክሎድ ሎራን በ1636 የሣለው ይህንኑ ነው፤ ዓምዶቹ ከአፈር ብቅ ብለው፣ ከሥራቸው ላሞችና እረኞች። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ፒራኔዚ ፍርስራሹን በመዳብ ላይ እየቀረጸ አውሮፓን አጥለቀለቃት። ሰዎቹን እንደ ጉንዳን ያሳንሳቸዋል፣ ዓምዱን ሰማይ ያስነካዋል። ጎተ ሮም ሄዶ የካራካላን መታጠቢያዎች በዓይኑ ሲያይ የፒራኔዚን ሥዕል ያህል አልሆኑለትም። (ፎቶ ላይ ያየነው ሪዞርትና ሄደን ያገኘነው ሪዞርት ነገር አዲስ አይደለም ማለት ነው።)

ከሮም ቤተ መቅደሶች ለእኛ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው የቬስታ ነው። ቬስታ የምድጃ አምላካቸው ናት፤ ቤቷ ክብ ነው። ክብ የሆነውም የጥንቱን የሮሞች ጎጆ ቤት አብነት አድርጎ ነው ይባላል። ገጣሚያቸው ኦቪድ ጥንት ጣሪያው ሳር፣ ግድግዳው የተጠላለፈ ጭራሮ እንደነበር ጽፏል። በኋላ በዕብነ በረድ ተሠራ፣ ፈረሰ፣ ድንጋዩ ለሌላ ቤት ተወሰደ። መልኩ ግን በራሳቸው በሮሞች ሳንቲምና ቅርጽ ላይ ቀርቶ ነበር። በ1930፣ በሙሶሊኒ ዘመን፣ ቆርጠው ከተገኙት የጥንት ቁርጥራጮች ጋር አዲስ ድንጋይ ቀላቅለው አንዱን ጎን ብቻ አቆሙት። ዛሬ ፎረም የሚሄድ ሰው የሚያየው ያንን ጎን ነው። አዲሱ ድንጋይ ከአሮጌው ተለይቶ ይታያል። ይህን ዘዴ ከእነሱ መቶ ዓመት ቀድሞ ጁዜፔ ቫላዲዬር የቲቶን የድል ቅስት ሲጠግን ተጠቅሞበታል፤ ጥንቱ ዕብነ በረድ ሆኖ ሳለ የጎደለውን ሆን ብሎ በሌላ፣ ትራቨርቲን በሚባል ድንጋይ ሞላው። ማንም መጥቶ «የቱ ነው የድሮው?» ብሎ መጠየቅ ሳያስፈልገው ያየዋል።

የሙሶሊኒ ዘመን እድሳት ስል ደስ እያለኝ አይደለም። ያው መንግሥት በ1937 የአክሱምን ሐውልት ሮም ላይ አቁሟል፤ አገሩ የተመለሰው በ2005፣ እንደገና የቆመው በ2008 ነው። የሰው ቅርስ እየዘረፉ የራስን ማሳመር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ በአንድ ከተማ ውስጥ አሳይተውናል። የቬስታን ጎን ያቆሙበት ዘዴ ግን ከባለቤቱ ተነጥሎ ሊታይ የሚገባው ይመስለኛል።

ሥዕልን እንደ ፕላን ስለመጠቀም ግን ዋናው ትምህርት ቤት ዋርሶ ናት። ናዚዎች በ1944 ከተማዋን አመድ ካደረጓት በኋላ ፖላንዶች አሮጌውን ሰፈር መልሰው ሲሠሩ፣ ቤሎቶ የሚባል የቬኒስ ሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣላቸውን የዋርሶ መንገዶች ተመለከቱ። ቤሎቶ መስኮት በመስኮት የሚሣል ሰው ነበር። ሆኖም አንዳንዱን ቤት አሳምሮ ነበር የሣለው፤ በዚህም የተነሣ ዛሬ ዋርሶ ውስጥ ከሥዕሉ በፊት በምድር ላይ ያልነበሩ የሕንፃ ጌጦች ቆመው ይገኛሉ። ሥራውን ያዳነው ሌላ ነገር ነው። የዋርሶ ፖሊቴክኒክ የሥነ ሕንፃ ሰዎች ከጦርነቱ በፊት የድሮውን ቤት ሁሉ እየለኩ የሠሯቸው ንድፎች ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ ተደብቀው ተረፉ። ሥዕሉ መልክ ሰጠ፣ ሜትሩ ቁጥር ሰጠ። ዩኔስኮ በ1980 ሰፈሩን የመዘገበው እንደ ጥንታዊ ቤት ሳይሆን መልሶ የመሥራት ታላቅ ምሳሌ አድርጎ ነው።

በ1964 ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሕግ አወጡ፤ እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ያቁም የሚል። ጥሩ ሕግ ነው። አንኮበር ላይ ቃል በቃል ካዋልነው ግን ከግድግዳው አንድ ክንድ አንርቅም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ዓይን ውስጥ የነበረው የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ድንጋይ ወድቆም ድንጋይ ነው። ሳርና እንጨት እንደዚያ አይደለም። አያቶቻችሁ ጋ ክረምት ያሳለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሳር ቤት በየጊዜው ይከደናል፣ የተበላው ምሰሶ ይለወጣል፣ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ዕቃው ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። አንኮበርን ባዶ ያስቀራትም ከሁሉ በላይ ይህ ይመስለኛል። ንጉሡ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ክዳን የሚያከድን አብሮ ሄደ። ግቢን ለማፍረስ መድፍ አያስፈልግም፤ ጥቂት ክረምት ሳይከድኑት መተው ይበቃል።

ጃፓኖች ኢሴ የሚባለውን ዋና መቅደሳቸውን በየ20 ዓመቱ አፍርሰው በአዲስ እንጨት ይሠሩታል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። ይህ «ውሸት» ነው የሚላቸው የለም፤ ምክንያቱም ጥበቡ ከአናጺ ወደ አናጺ ሳይቋረጥ መጥቷል፣ መቼ እንደተሠራም ሁሉም ያውቃል። በ1994 ናራ ላይ የወጣው ሰነድም የቅርስ እውነተኝነት በየባህሉ ዓይን መታየት እንዳለበት ተቀብሏል። ስለዚህ አንኮበር ላይ በእንጨትና በሳር አዳራሽ መሥራት በራሱ ኃጢአት ነው የሚሉትን አልቀበልም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መቼ እንደተሠራ ይጻፍበት። ከሥሩ ያለውን ሳያጠፋ ይሠራ።

የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ኮረብታው ላይ የቤተ መንግሥቱን መልክ ይዞ የተሠራው አንኮበር ፓላስ ሎጅ የቦታውን ስም ብዙ ሰው አፍ ላይ መልሷል፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ከዚያ በፊት አንኮበርን ፈልጎ የሚመጣ የውጭ ሰው ታሪክ ፈላጊ ካልሆነ በ1976 የተገኘችውን፣ በአንኮበር ስም የተጠራችውን ትንሽ ወፍ ፈላጊ ነበር። አሁን ግን የሎጁን ፎቶ «የምኒልክ ቤተ መንግሥት» ብሎ የሚለጥፈው ሰው በዛ። አሮጌው ግድግዳ ከፎቶው ውጭ ነው። ጥፋቱ የሠሪው ብቻ አይደለም፤ እኛ ሙሉ ነገር እንወዳለን፤ ጎዶሎ ግድግዳ «ላይክ» አያስገኝም። ግን እንዲህ እየሆነ አሥራ አምስት ዓመት ከሄደ አዲሱ ቤት ለሚቀጥለው ሠሪ «ማስረጃ» ይሆናል። በርናትስ ሣለ፣ ሌላው አይቶ ሠራ፣ ሌላው ፎቶ አነሣ፣ ሌላው ፎቶውን አይቶ ይሠራል።

ሁለተኛው የባሰ ነው፤ አንዴ ካለፈ አይመለስምና። የእንጨት አዳራሽ ሲበሰብስ ምንም ሳያስቀር አይሄድም። ምሰሶው የተተከለበት ጉድጓድ ይቀራል፤ እንጨቱ በስብሶ አፈር ይሞላዋል፣ አፈሩም ከዙሪያው አፈር በቀለምና በልስላሴ ይለያል። አርኪዮሎጂስት በዝግታ ሲጠርገው ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ ነጠብጣብ ስታገናኙ የአዳራሹ ቅርጽ መሬቱ ላይ ይነበባል። ምድጃው አመዱን ይተዋል፣ ወጥ ቤቱ አጥንትና ገል ይተዋል። በርናትስ ያልነገረን የጓዳው ታሪክ ያለው እዚያ ነው። የሣህለ ሥላሴ ከታች፣ የምኒልክ ከላይ፤ የቱ የየትኛው እንደሆነ የሚለየውም ያ ብቻ ነው። እና አንድ ቀን «ታሪካዊውን ቤተ መንግሥት ለማደስ» ተብሎ ኤክስካቫተር መሠረት ሲቆፍር በግማሽ ቀን ያንን ሁሉ ይዝቀዋል።

ሕግ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥገና ያለ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይሠራ ደንግጓል። ፈቃድ ግን ወረቀት ነው፤ ጥያቄው ከወረቀቱ ጋር ቁፋሮና ልኬት ይመጣል ወይ የሚለው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መንገዱ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ሜትር፣ ካሜራና ማስታወሻ የያዙ ተማሪዎች ግድግዳውን ድንጋይ በድንጋይ ቢለኩት የዋርሶን ተማሪዎች ሥራ ሠሩ ማለት ነው፤ ያውም ጦርነት ከሚጠፋው ቀድመው።

ግድግዳው ራሱስ? እባካችሁ በሲሚንቶ አትንኩት። ጎንደርን ጣልያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግነዋት፣ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን እያነሡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ሲሚንቶ ከአሮጌ ድንጋይ በላይ ይጠነክራል፣ ውሃ ያፍናል፣ በመጨረሻ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ ከግድግዳው ጋር ይንቀሳቀሳል። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ደግሞ የሚሞተው ከአናቱ ነው፤ ዝናቡ በላይ ገብቶ ውስጡን ያጥበዋል። አናቱን በኖራ መድፈን፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ማበጀት፣ ከሥሩ የበቀለውን ዛፍ ሥሩ ሳይገፋው መቁረጥ ይበቃል። አዲስ አዳራሽ ከማቆም እጅግ የረከሰ ሥራ ነው፤ ችግሩ ሪባን አይቆረጥበትም። አጠገቡ አንድ ሰሌዳ ቢቆም ደግሞ፣ የበርናትስ ሥዕል ተለጥፎበት፣ ከሥሩ «ይህ ሥዕል ከ1843 በፊት የታየውን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ግቢ ያሳያል፤ ሠዓሊው ያሳተመው በ1852 ነው» ተብሎ ቢጻፍበት፣ የወጣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ግድግዳውን በሌላ ዓይን ያየዋል።